የሐውልቱ እጅ

ባለሀብቱ ለሐውልቱ የተሠራውን የጭቃ እጅ አገላብጦ አየና ፊቱን አጨማደደ። ቁርጥ የሱ እጅ ነበር፤ ከሻይ ማንኪያ የከበደ ነገር አንስቶ የማያውቅ።

“አገር በኢንዱስትሪ ያሳደገ እጅ እንዲህ እንደ ሙሽራ ይለሰልሳል? አደባባይ ላይ እኮ ነው የሚቆመው። ሻካራ አድርጊው!”

“ልክ የእርስዎን ነው የሠራሁት” አለች ቀራፂዋ፣ ሳቋን እየዋጠች።

ባለሀብቱ ከጨርቅ ፋብሪካው አንድ አንጋፋ ሠራተኛ አስጠራና፣ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሰው “አንተ፣ እጅህን ዘርጋላት” አላቸው።

“እሺ ጌታዬ” ብለው ዘረጉ። መዳፋቸው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል፤ ሁለት ጣታቸውን ግን የፋብሪካው ማሽን በልቶታል።

ባለሀብቱ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ምጽዋት እንደሚሰጥ ሰው ደረቱን ነፍቶ፣ “ግድ የለም፣ መዳፉን ከሱ ውሰጂ። የጎደሉትን ጣቶች ከኔ ጨምሪበት” አለ።

ቀራፂዋ አንገቷን ደፍታ ጭቃውን አድበለበለች። በሻካራው መዳፍ ላይ ሁለት ለስላሳ ጣቶች ሲበቅሉ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ቀና ሲሉ ባለሀብቱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

“ለካስ ጣቶቼ አንተ ጋ ኖረዋል” አሉት።