አይጡ ወይስ አይጧ?

«በርታ… ልጄ… በርታ…» ትልና ትሞታለች።

«ደግመሽ ሙቺ» ይላል ዳይሬክተሩ ከመስታወቱ ማዶ። «የእናትየዋ አፍና ያንቺ ቃል አልገጠመም።»

ተዋናይዋ የጆሮ ማዳመጫውን ታስተካክልና ደግማ ትሞታለች። በዚህ ሥራ የሚያህላት የለም። የውጭ አገር የካርቱን ፊልም የአማርኛ ድምፅ ሊገባለት ሲል እናት የምትሞትበት ከሆነ የእሷ ስልክ ይጮኻል፤ እናት የማትሞትበት ደግሞ ብዙም አይመጣም። ዝሆን ሆና ሞታለች። ንግሥት ሆና ሞታለች። አንዴ ጃንጥላ ሆናም ሞታለች። ልጇን ሲኒማ ቤት የወሰደቻት ቀን፣ ፊልሙ ገና ከመጀመሩ ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች። «ሞትሽ አይደል፣ እማዬ? ያለቀ መስሎኝ ነው» አለች። ዛሬም ከቤት ስትወጣ በር ድረስ ሸኝታት «ዛሬስ ሳትሞቺ ትንሽ ትቆዪያለሽ?» ብላታለች።

አፉ አሁንም አይገጥምም። «ተይው፣ እንመለስበታለን» ይላል ዳይሬክተሩ። «ላንቺ የቀረው የሕዝቡ ጩኸት ብቻ ነው፤ ጥግ ላይ ቁጭ በይ። ነጎድጓድ ይግባ!»

ነጎድጓድ የሚሉት በድምፁ ነው። አንበሳም ንጉሥም እሱ ነው። ዛሬ የአይጦችን ከተማ ከድመት የሚያድነው ጀግና አይጥ ሆኗል። ትከሻውን አጥብቦ በጠባቧ በር ይገባል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «ተከተሉኝ!» ይላል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ከአውራ ጣት የማትበልጥ አይጥ በርሜል ውስጥ ሆና የምትጮህ ትመስላለች።

«እስቲ አቅጥነው።»

ያቀጥነዋል። ዘይት የናፈቀው በር ይሆናል።

«ወንድሜ፣ አይጧን እያት እንጂ!» ዳይሬክተሩ ስክሪኑን በጣቱ ያሳያል። «ጭራዋን ታነሳለች፣ ደረቷን ትነፋለች፣ አፏን ስትከፍት ትገባለህ።»

ተዋናይዋ ከጥግ ቀና ትላለች። «ማን ናት ደረቷን የምትነፋው?»

«አይጧ ናታ!»

«እሱ አልነበረም እንዴ?»

ከዳይሬክተሩ አጠገብ ድምፅ ቀጂዋ ማሽኗ ላይ አንገቷን ደፍታ ሳቋን ለመዋጥ ትታገላለች።

«የአፍ ልማድ ነው» ይላል ዳይሬክተሩ። «ወንድ ነው።»

«ዋናው ጽሑፍ ነው ያለው?»

ወረቀቱን ያገላብጣል። «እዚያማ ‹ልጄ› ብቻ ነው የሚለው። ወንድ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ከተማ ያድናላ!»

«እንግዲህ ዱቄት ስትሰርቅ አይጧ፣ ከተማ ስታድን አይጡ?»

ድምፅ ቀጂዋ አትችልም፤ ሳቋ ያመልጣታል። የዳይሬክተሩ ጆሮ ይቀላል። «እኅቴ፣ ፊልሙ ነገ ይታያል። እናቱ ‹በርታ› ብላ ሞታለች፤ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

«የሞትኩት እኔ አይደለሁ እንዴ? ‹በርቺ› ብዬ መሞት አያቅተኝም።»

«ቆይ ቆይ» ትላለች ድምፅ ቀጂዋ፣ ዓይኗን እየጠረገች። ምስሉን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። «የእናትየዋን አፍ እዩት፤ መጨረሻው ላይ ወደ ጎን ነው የሚሳበው። ‹ታ› ሳይሆን ‹ቺ› ነው የሚመስለው።»

ተዋናይዋ ወደ ማይክሮፎኑ ትጠጋለች። «በርቺ… ልጄ… በርቺ…»

ልክክ ይላል። ዳይሬክተሩ እንደ ለቀስተኛ አንገቱን ይሰብራል።

«ታዲያ አይጧን ማን ሊሆናት ነው?» ይላል።

ነጎድጓድ ማዳመጫውን አውልቆ ለተዋናይዋ ያቀብላታል። «እታለም፣ ግቢበት። እኔ ድመቱን ልሁን፤ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኔ እሱ ላይ ነው።»

«ሕዝቡ እኮ የሚመጣው ያንተን ድምፅ ሊሰማ ነው!»

«ይሰማዋል፤ ልበላት ስመጣ።» በሩ ጋ ደርሶ በስጋት ይዞራል። «ድመቱን ግን አትንኩብኝ። እሱ ወንድ ነው።»

አሁን ብቻዋን ናት። አይጧ ድመቱ ፊት ቆማለች፣ ከኋላዋ ከተማው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ተዋናይዋ «ተከተሉኝ» ትላለች።

«እየለመንሻቸው ነው።»

«ተከተሉኝ…»

«አሁን ደግሞ እየሞትሽ ነው።»

 ይኼን ሁሉ ዓመት ስትሰናበት እንጂ ስታዝ ተሰምታ አታውቅም። እስከ ዛሬ የጀግና ቦታ ያልሰጧት ስለማትችል ቢሆንስ? ከመስታወቱ ማዶ ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ያያል። ነጎድጓድ ግን ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ይጠብቃታል።

ዓይኗን ትጨፍናለች። የሥራ መውጫ ሰዓት ነው፤ የታጨቀ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ናት፤ ልጇ ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ ሹፌሩ መውረጃዋን አልፎ እየሄደ ነው። እዚያ የምታወጣውን ድምፅ የትኛውም ፊልም ጠይቋት አያውቅም።

«ተከተሉኝ!!»

የድምፅ መለኪያው ቀይ ይሆናል። ድምፅ ቀጂዋ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ላይ ትመነጭቀዋለች። ዳይሬክተሩ የያዘው ወረቀት ከእጁ ያመልጣል። ነጎድጓድ ደግሞ ሳይታወቀው፣ በሙሉ ቁመቱ፣ ወደፊት ይራመድና ግንባሩን ከመስታወቱ ጋር ያላትማል።