ሳጥን የሌለው ስፒከር

ኢልሊ ተነቅሎ ደጅ የወደቀውን የመኝታ ቤቷን በር «ከዝናብ አንሳልኝ» ብትለው፣ ወንድሟ ዋቅሹማ የሰጠችው መሰለው። ከምትሠራበት አዲሱ የክልል ቢሮ ስትመለስ በሩ ላይ ክብ ቀዳዳ አውጥቶ፣ ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ ያስመጣውን ስፒከር ገጥሞበት፣ ሳሎኑ መሃል አቁሞት አገኘችው።

«ሳጥን አያሻውም፤ ጀርባው ክፍት ሲሆን ነው ድምፁ የሚያምረው» አላት።

«እኔስ ጅብ እየጮኸ በር በሌለው ክፍል ልተኛ? አሁኑኑ መልሰህ ግጠምልኝ!»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ስሚው እንጂ እህቴ!»

ሽቦውን ገና ሳያገናኝ በሩ ከጀርባው ተንኳኳ።

«ደግሞ ትቀልድብኛለህ!» አለችው። ዋቅሹማ ግን ሽቦውን በሁለት እጁ እንደያዘ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ከበሩ ጀርባ ማንም የለም። በሩ እንደገና ተንኳኳ።

የኢልሊ ንዴት ከፍርሃቷ በለጠ። «ማንም ሁን፣ ግባ!» ብላ ጮኸች።

ሳሎኑ መሃል ያለ መቃን የቆመው በር ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተከፈተ።