የአምናው ፊርማ

የጉንፋን ክትባት ለጤና ጣቢያው ሠራተኞች በመጣ ዕለት፣ ሲስተር ህይወት ለእናቷ ሐዘን የለበሰችውን ጥቁር ቀሚስ እጅጌ ሰብስባ ክንዷን ሰጠች። ከታቢው መዝገቡን ገልጦ ፈገግ አለ።

"አምናም ተከትበሻል። ሁሉም እንዳንቺ ቢሆን!"

ፊርማዋ ከስሟ ትይዩ ነበር። አምና ወረፋው አሰልችቷት፣ እንደ ብዙዎቹ ባልደረቦቿ ፈርማ ብቻ ነበር የወጣችው። ወሩ ሳይሞላ እያሳላት ማንኩሳ ከተማ ወዳለው የእናቷ ቤት ሄደች። አስም የሚያስጨንቃቸው እናቷ ሳልዋን ሰምተው፣ ሳይስሟት ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"ለእናንተ መጣ የተባለውን መርፌ ተወግተሻል፣ ልጄ?"

"ተወግቻለሁ፣ እማ።"

"እንግዲያማ ምን እፈራለሁ!" አሉና እናቷ አገላብጠው ሳሟት።