የአስላክ የቀብር ጠላ

ነገር ሁሉ የተበላሸው በቅዱስ ኡላቭ ዕለት ነበር። ሹር የሕግ ትምህርቱን ጨርሶ ከከተማ የተመለሰው በዚያ ቀን ነው። አባቱ አስላክ የእርሻውን ቁልፍ በእንግዶች ፊት ለታናሹ ለሌይቭ የሰጠውም በዚያው ቀን። በዚያ የኖርዌይ ሸለቆ እርሻ የሚወርሰው በኩር ነው። በኩሩ ደግሞ ሹር ነበር። «ለምን?» ብሎ ጠየቀ። አስላክ ላሞቹ ውሃ እንዳልጠጡ ተናገረ።

ከዚያ ወዲህ የሹር ጸጉር ሸበተ፤ ጥያቄው ግን አልሸበተም። በእርሻው ጥግ ባለችው ትንሽ ቤት ብቻውን እየኖረ በየዓመቱ ጠየቀ። አባቱም በየዓመቱ ስለ ላም፣ ስለ አጥር፣ ስለ ዝናብ መለሰ።

አንድ ዓመት ጸደይ ላይ አስላክ ከጎተራው መሰላል ወድቆ እግሩን ሰበረ። ሐኪም ከከተማ መጣ። ሌይቭ እግረ መንገዱን የሹርንም ደረት እንዲያዳምጥ ለመነው፤ ሳሉ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል ብሎ። ሹር ከተማ ሄዶ ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ ውጤቱን ለሌይቭ በስልክ ነገረው፤ ሌይቭም ብርድ ነው አለና አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ አመጣለት። ሹር ስለ ሳል የሚያስብበት ጊዜ አልነበረውም። ሽማግሌው አልጋ ላይ ነው። መልሱን ይዞት ሊሄድ ነው።

በመከር መግቢያ ሌይቭ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። ዐይኑን ከወለሉ አላነሣም።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ጠላ ሳያስፈልገን አይቀርም» አለ። «ካንተ እጅ ሌላ አይሆንም።»

ሹር ለማን ብሎ አልጠየቀም። ጨዋ ሰው አይጠይቅም። በዚያ ሸለቆ የሚሞት ሰው ሲኖር የቀብሩ ጠላ አስቀድሞ ይጠመቃል፤ እስትንፋሱ እስካለ ድረስ ግን ስሙ ከጠላው ጋር አይነሣም። ስሙን መጥራት ሞትን መጥራት ነው። ብቅል ሲዘፈዘፍ ያየ ሁሉ ይገባዋል፣ ዝም ይላል።

ከሞተ በኋላ ደግሞ ሰው የሚለካው በጠላው ነው። የሹር አያት ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፣ ዛሬም «ጠላቸው እንደ ማር» እየተባለ ይነሣሉ። ከወንዙ ማዶ የነበረ አንድ ሀብታም ግን ስሙ ጠፍቶ «ውሃው» ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የልጅ ልጆቹም የውሃው ልጆች ናቸው።

ሌይቭ አዲስ ብቅልና ከከተማ ያስመጣውን ትኩስ ሆፕስ፣ ጠላ የሚያመርረውን አበባ፣ አውርዶለት ሄደ። ምንም አይቅርበት፣ ብቻ ጥሩ ይሁን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ሹር በዚህ የአባትና የልጅ ፍቅር በሆዱ ሳቀ። አዲሱን ብቅል ለሌይቭ አሳማዎች በተነላቸው።

ከዚያ ሱሪውን በገመድ አጥብቆ፣ መሰላሉ መሃል ላይ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ወደ ቆጡ ወጣ። እዚያ እናቱ በሕይወት ሳለች የተሠራ ብቅልና የተለቀመ የሆፕስ አበባ ነበር። እርጥበት ገብቶበታል፣ ነቀዝ ሰርስሮታል። ድሮ በጥርስ ሲሰብሩት ቀጭ ይል የነበረው አሁን እንደ ጥጥ ይታኘካል። አበባውም ቡናማ ሆኗል፤ ሲያሹት የከረመ አይብና ያልታጠበ እግር ይሸታል። ሹር ሁለቱንም እንደ ሕፃን አቅፎ አወረዳቸው።

ጎረቤቱ ኢንግቫል ጭሱን አይቶ በአጥሩ በኩል አንገቱን አስገባ። ሰው ሳይተርብ የሚያልፍ ቀን የለውም።

«ሹር፣ የሚፈላው ብቅል ነው ወይስ ካልሲህ?»

«የሕግ ትምህርቴ ነው» አለ ሹር።

ኢንግቫል ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ የሚጠመቀው ምን እንደሆነ የገባው መሰለ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሳይሰናበት ሄደ።

እርሾ ከመጨመሩ በፊት ሹር ለአባቱ አንድ ዕድል ሊሰጠው ወሰነ። ከመለሰለት ይህን ሁሉ ይደፋዋል፤ ሌይቭን ለምኖ በአዲስ ብቅል እንደገና ይጠምቃል። በአባቱ ክፍል በር ላይ የሌይቭን ሚስት ሲግሪን ባዶ የገንፎ ሳህን ይዛ ስትወጣ አገኛት። ክንዱን ጨበጥ አድርጋው አለፈች።

«አባባ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎ። መሬቱን ለምን ለሌይቭ ሰጡት?»

አስላክ ቀና ብሎ አየው። ዐይኑ እንባ ሞላ።

«ጠላውን አሳምረው» አለ። «ሌላውን ተወው፣ ልጄ። ጠላውን አሳምረው።»

ሞት ደጁ ቆሞ እንኳ የሚጨነቀው ለስሙ ነው። ሹር ተመልሶ የቀረውን አሮጌ አበባ ሁሉ ጨመረበት። እርሾ ሲገባ መጮኽ ደንብ ነው፤ ጠማቂው ካልጮኸ ጠላው ጉልበት አያገኝም ይባላል። ሹር እርሾውን ትንፍሽ ሳይል አፈሰሰው።

ጠላው ወደ በርሜል በሚገለበጥበት ቀን ጎረቤት ሳይጠራ መጥቶ ይቀምሳል። ጎተራው ሞላ። ሹር የመጀመሪያውን ዋንጫ ለኢንግቫል ሰጠው። ኢንግቫል ተጎነጨለት፤ ጉንጩ ውስጥ ያዘው፤ እንደምንም ዋጠው። ተረብ አልወጣውም። የሹርን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ዋንጫውን አሳለፈ። ሁሉም ጠጡ፣ ሴቶቹ ዐይናቸውን ጠረጉ። ምሬቱ ነው አለ ሹር በሆዱ እየቦረቀ። «ሻጋታው አስላክ» የሚለው ስም ከወዲሁ በጆሮው አቃጨለ።

ያኔ በሩ ተከፈተ። አስላክ ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ፣ በአንድ ከዘራ፣ ማንም ሳይደግፈው ገባ። የፊቱ ደም ግባት ተመልሷል። ዋንጫውን ተቀብሎ ቀመሰና መሬት ላይ ደፋው።

«ሌይቭ፣ በርሜሉን ገልብጠው» አለ። «ልጄን በዚህ አልቀብረውም።»

ሹር ወደ ሌይቭ ዞረ። ሌይቭ አቀርቅሯል። ጎተራው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው ግን ሌይቭን አልነበረም።

«የቱን ልጅ?» አለ ሹር። «አባባ፣ የቱን ልጅ? አንድ ሰው እንኳ ይመልስልኝ።»