ያልተቀመሰ ጃሌቢ

ሸፍቃት የሚንተከተከውን የስኳር ውሃ በጭልፋ ጨለፍ አድርጎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያሸዋል። ጣቶቹን ሲያላቅቅ ቀጭን ክር ይሳባል። ደርሷል ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህ በኋላ ጣቱን ይልስ ነበር፤ እሱ ያልቀመሰው ጥምዝምዝ የጃሌቢ ጣፋጭ ከዚህ ሱቅ ወጥቶ አያውቅም፤ ይህን የሙልታን ከተማ ሁሉ ያውቃል። አሁን ግን እጁን ባልዲው ውስጥ ይነክርና መርዝ የነካው ይመስል ይፈትገዋል።

"ጥፍርህ እስኪነቀል ነው?" እለዋለሁ።

"ዝም በይ፣ ኩልሱም። ነገ ነው።"

ነገ መሆኑን መቼ ረሳሁት! ነገ ጠዋት ሆስፒታል ሄዶ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ሆዱም በመሣሪያ ይታያል። ጉበቱ ላይ ያለው ስብ ካልቀነሰ ከሱ ተቆርጦ ለልጃችን የሚሰጥ ነገር የለም። የኔ ደም ከሷ ጋር አልገጠመም። ሌላ ሰው የለንም። ዛርቃ ከመጋረጃው ጀርባ ጋደም ብላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የዓይኗ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

ሐኪሟ ከሁለት ወር በፊት አስቀምጣ ነግራናለች። "ዘጠኝ ኪሎ ቀንስ። አራት ቂጣ ትበላ ከነበር ሁለት ብላ። በእግርህ ሂድ። ጣፋጭ ካማረህ አርብ አርብ አንዲት ፍሬ ቅመስ። ብቻ እንዳትራብ፤ በረሃብ የደከመ ሰው ቢላዋ ሥር አላስተኛም።" እሱ ከዚህ ሁሉ የሰማው "ቀንስ" የሚለውን ብቻ ነው።

ሊጡ ቀጥኗል፣ ዱቄት ልጨምር ብዬ ከበርሜሉ ጀርባ ያለውን ከረጢት ስስብ እጄ ፌስታል ይነካል። አወጣዋለሁ። ቂጣ። ከሥሩ ሌላ ቂጣ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። የታችኞቹ እንደ እንጨት ደርቀዋል። በእጄ ጋግሬ የቋጠርኩለት የአራት ቀን ምሳ! ማታ ማታ ደግሞ "ሱቅ በልቻለሁ" እያለ ይተኛል።

 "የዛርቃ አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ዘወር አይልም። ሊጡን በተበሳች ጨርቅ እየጨመቀ የጋለው ዘይት ላይ ይጠመዝዘዋል። "ቀበቶዬን እዪው። አዲስ ቀዳዳ በስቻለሁ።"

"ምን በልተህ ነው የቆምከው? አንተ ሰውዬ፣ አንተን እኮ ነው!"

"ሻይ ጠጥቻለሁ።"

ጥምዝምዙ ይንሻፈፋል። እንዲህ ዓይነት ነገር ከዚህ ሰው እጅ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ጉልበቱ ይከዳውና ፊቱ ወደ ብረት ምጣዱ ይሄዳል። ያ አላህ! እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሸሚዙን ከኋላ ጨምድጄ ስስበው ሁለታችንም ወለሉ ላይ እንወድቃለን። ዘይቱ ከበላያችን ይንጣጣል። ደረቴ ላይ የወደቀው ሰው ቀላል ነው፤ እንዲህ መቅለሉ ያስፈራኛል። ባሌንም ልጄንም ባንዴ ልቀብር ነበር እኮ።

"አብደሃል?" እጮኻለሁ። "ሐኪሟ ነገ እንዲህ ሆነህ ብታይህ የምትቀበልህ መሰለህ?"

"እፈራለሁ" ይላል። ግንባሩ ላይ ያለው ላብ ቀዝቃዛ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። "አንዲት ቁራሽ ብበላና ነገ በዚያች ቁራሽ ምክንያት ብወድቅስ? በምላሴ ልጄን ብገድላትስ?"

መጋረጃው ይገለጣል። ዛርቃ ግድግዳውን ተደግፋ ትመጣለች። ሰምታለች፣ ከፊቷ ያስታውቃል። እሳቱን ታጠፋና ከትሪው ላይ አንዲት ጃሌቢ አንስታ ለሁለት ትሰብራለች። ግማሿን ወደ አፉ ታስጠጋለች።

"አንሺልኝ!" እንደ ሕፃን ፊቱን ያዞራል።

"አባዬ፣ ዕድሜ ልኬን ካንተ ጉበት ጋር ልኖር ነው አይደል? ጣፋጭ የሚፈራ ጉበት ምን ያደርግልኛል?"

ልስቅ ስል እንባዬ ይቀድመኛል። "ዛሬ አርብ ነው" እለዋለሁ። "ሐኪሟ ራሷ የፈቀደችልህ ቀን ነው። ስንቱን አርብ ዘለልከው!"

ዓይኑን ጨፍኖ "ቢስሚላህ" ይላል። ያኝካል። ከዚያ ማኘኩን ያቆማል።

"ይሄ... የኔ ሥራ ነው?"

ዛርቃ የቀረችውን ግማሽ ትሪው ላይ ትመልሳለች።

"ሄሉ የት አለ? ስኳሩስ፣ አርሯል እኮ! ሁለት ወር ሙሉ ይህን ነው የሸጥኩት?"

"ይህንኑ።"

"ሰው እየገዛ?"

"ሰፈሩ ሁሉ እየገዛ" ትላለች ዛርቃ። "ልብስ ሰፊው ሐኒፍ በየቀኑ ሩብ ኪሎ ይወስድና ለፍየሉ ይሰጣል።"

"አንድ ሰው እንኳ እንዴት አይነግረኝም?"

"ፈርተን ነዋ!" እለዋለሁ። "ብንነግርህ ቀምሰህ ልታስተካክል ነው። ማን ደፍሮ ያቀምስሃል?" ፌስታሉን ከደረቀው ቂጣ ጋር ወደኔ እስባለሁ። "እኔም ፈርቻለሁ። ቀበቶህ በጠበበ ቁጥር ደስ እያለኝ፣ እውነት በልተህ እንደሆነ አጥብቄ ሳልጠይቅህ ቀረሁ።"

 ከዛሬው ቂጣ ቆርሼ እርጎ አስነካና አጎርሰዋለሁ። ትንሽ ጉርሻ ናት። ትበዛ ይሆን? ታንስ ይሆን?  እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ ያኝካል፤ እኔና ዛርቃ አፉን አፉን እናያለን።