በአዳራሹ በር ላይ ሁለት ወንበር

«የካርድሽን ቁጥር ወዲህ በይ የኔ ቆንጆ፤ ፓርቲሽን አልጠየቅኩሽም፣ እሱን ከጫማሽ አውቄዋለሁ!» አለ ሲሪል ፓስክ። ሴትየዋ ሳቀች፤ ቁጥሯን ነገረችው፣ ውሻዋን በሩ ላይ አስራ ድምፅ ልትሰጥ ገባች።

እኒድ ተርልቢ ግን አልሳቀችም። ሁለቱ ጎረቤታሞች በእንግሊዟ የባሕር ዳር መንደር በሶርንሜር፣ በአዳራሹ በር ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሱ ሰማያዊ የሪባን አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ ለወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ፣ እሷ ቀዩን ሰክታ ለሠራተኞቹ ፓርቲ ለሌበር፣ ከየወገናቸው ማን መጥቶ እንደመረጠ ይከታተላሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ምርጫ በመጣ ቁጥር እዚሁ በር ላይ ሲነታረኩ ኖረዋል። ቀዩ አበባ የሟች ባሏ የዊልፍ ነው።

ዛሬ ያ አበባ ደረቷን ያቃጥላታል። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ አበባውን ነቅላ ኪሷ ከተተችው፤ ገባች፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰማያዊዎቹ ድምፅ ሰጠች። ከዚያ ሰው ሳያያት በጥድፊያ መልሳ ሰካችው።

ምን ታድርግ! ባሕሩ ገደሉን እየበላ እየበላ ጓሮዋ አጥር ደርሷል። ባለፈው ክረምት ከወዲያ በኩል ያለው ጎረቤቷ ኩሽና ከነምድጃው ተንዶ ወርዷል። አሁን ተራው የሷ ነው፤ ከሷ ቀጥሎ የሲሪል።

የመከላከያ ግንብ ሥሩልን ብለው ያልጮኹበት ቦታ የለም። ግን ማን ሊሰማ! ይህ ወረዳ ከአያቶቻቸው ጀምሮ ከሰማያዊ በቀር ሌላ መርጦ አያውቅም። መጀመሪያ ባለርስቱ ጌታ ፓርላማ ገባ፤ ቀጥሎ ልጁ፤ ከልጁ በኋላ አንድ ጡረተኛ ጄኔራል፣ እሱም ትልቅ ዱባ ላበቀለ ሽልማት ለመስጠት ካልሆነ ብቅ አይልም ነበር። ሰማያዊዎቹ የትም አይሄድብንም ብለው ወረዳውን ረሱት፤ ቀዮቹ መቼም አናገኘውም ብለው ተዉት። ያልረሳቸው ባሕሩ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ አዲሱ የሰማያዊዎቹ ዕጩ፣ ከለንደን የተላከ ልጅ እግር፣ ደጇ ቆሞ ስለ ግንቡ ስትጠይቀው «ወይዘሮ ተርልቢ፣ እኔ ያገዘኝን ሰው አልረሳም» አላት። ሞኝ ናትና አመነችው። ዊልፍ ይህን ቢሰማ ከመቃብሩ ተነስቶ ይጮህባት ነበር።

«ምነው ዛሬ አፍሽ ተለጎመ?» አለ ሲሪል፣ ከፔርሙዙ ሻይ እየቀዳላት። «ሌላ ጊዜ ቢሆን እስካሁን ስንቴ ‹አድኃሪ› ብለሽኝ ነበር።»

«አድኃሪ» አለችው።

«እሰይ! አሁን ሰው ሆንሽ። እንዲያው ድካማችሁ ነው የሚያሳዝነኝ። እዚህ የኔን ውሻ ዕጩ ብናደርገውም ያልፋል እኮ።»

«ውሻህማ ይሻለን ነበር። ቢያንስ ቤታችንን ያውቀዋል።»

ሲሪል ሊስቅ ጀመረና ተወው። ኩባያውን መሬት አስቀምጦ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። «በይ ወንበሬን ጠብቂልኝ፤ የኔንም ድምፅ ልስጥ።»

ሌላ ጊዜ ገብቶ ለመውጣት አፍታም አይፈጅበትም። ዛሬ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ተቀምጦ ሻዩን አነሳ፤ ሳይቀምሰው መልሶ አስቀመጠው።

«አመመህ እንዴ?»

«እኒድ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ምኑን?»

«ለናንተ ሰጠሁ።»

እኒድ ክው አለች።

«ትናንት የጓሮዬ አፈር ሲናድ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት» አለ ሲሪል። «አንቺ ሁልጊዜ ‹እስቲ አንዴ አስደንግጧቸው፣ ያኔ ግንቡ ይሠራል› ስትይ አልነበር? ዕድሜ ልኬን ስስቅብሽ ኖርኩ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ይቅር ይበለኝ፤ ይኸው አስደነገጥኳቸው።» «ኧረ አንድ ነገር በይ! ደስ አላለሽም?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። የሱና የሷ ድምፅ እዚያ ሳጥን ውስጥ ተጣፍተው ተኝተዋል፤ ሁለቱም ከቤታቸው ባይወጡ ኖሮ ውጤቱ ያው ነበር። ሲሪል ግን ዓይን ዓይኗን እያየ ይጠብቃል። በሕይወቱ አንድ ቀን ደፈረ፣ ያንንም የደፈረው እሷን አምኖ ነው።

«ደስ ብሎኛል፣ ሲሪል» አለች። ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

«ታለቅሻለሽ እንዴ? ኧረ ተይ፣ ሰው ያየናል» አለና ወደሷ ጎንበስ አለ። «ምንድነው ደግሞ ይሄ አበባ? ዊልፍ ቢሆን እንዲህ አጣሞ አያደርገውም ነበር።»

መርፌ ቁልፉን ነቀለ፤ ቀዩን አበባ ቀጥ አድርጎ ደረቷ ላይ መልሶ ሰካላት።