ሦስት ጊዜ ጥሪው

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር ፈረንሳዊቷ ማዳም ሠራተኛዋን ሻሼን ከማድቤት ያስጠራቻት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሳሎን ስትገባ፣ ምንጣፉ መሃል ወገቧ ድረስ የሚደርስ ነጭ ማሽን ቆሟል። አንገቱ ላይ እንደ ፋሲካ በግ ቀይ ሪባን አስረውለታል።

አጠገቡ ረምዚ አለ፤ የድሬዳዋ ነጋዴዎች ልጅ፣ እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር በከፈተው ሱቅ ከጓደኞቹ ጋር ሮቦት የሚገጣጥም፤ የማዳምን ፈረንሳይኛም ለሻሼ የሚያስተረጉምላት እሱ ነው።

«አቦ ሻሼ፣ እንኳን ደስ አለሽ! አዲሱ ዘበኛ ይኸውልሽ። ግቢውን ይዞራል፣ ሰው ሲመጣ ይናገራል። የመጀመሪያ ሥራችን ነው፤ ስሙን ማዳም እንድታወጣለት ጠየቅናት።»

ማዳም ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። «ሰብስቤ!»

የሻሼ ምራቅ አፏ ውስጥ መረረ።

ሰብስቤ ባሏ ነበር። የዚህን የሀራሙስ ሰፈር ግቢ በር ስድስት ዓመት ጠብቋል። ባለፈው ሐምሌ በሩ ሥር ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሙቀቱ ገደለው። ማራገቢያ ግጠሙልኝ ብሎ ያልለመነበት ቀን አልነበረም፤ ማዳም «እናያለን» ትለው ነበር።

«ማስታወሻ ይሁነው ብላ ነው» አለ ረምዚ። «ሁላችንም እንወደው ነበር ትላለች። በይ አሁን ድምፅሽን ይልመድ። ስሙን ሦስት ጊዜ ጥሪው፤ ራሱ ይመጣልሻል።»

ሻሼ ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም። ባል በስሙ አይጠራም፤ እናቷም አባቷን ጠርተው አያውቁም። በልጃቸው ስም፣ «የጥበብ አባት» ነበር የምትለው። ስሙ ከአፏ የወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ምሳውን ይዛለት ሄዳ ከወንበሩ ወድቆ ያገኘችው ቀን። ሰብስቤ፣ ሰብስቤ፣ ሰብስቤ ብላ ጮኸች። እሱ አልመለሰላትም። አሁን ይህ ሪባን ያሰረ ፕላስቲክ አቤት ሊላት ነው።

«እርም ነው» አለች።

«ምኑ?»

«አባትህ ቢሞቱ ስማቸውን ለፍሪጅ ትሰጣለህ?»

ረምዚ አንገቱን አከከ። «አቦ አታካብጂው። ወላሂ ለክብሩ ነው። ማዳም ብትቀየምሽስ? እንጀራሽን አስቢ እንጂ! እምቢ ካልሽ ሌላ ስም አምጪ።»

ሻሼ ቀና አለች። ግድግዳው ላይ የማዳም ሟች አባት ጢማቸውን አሹለው ከወርቃማው ክፈፍ ውስጥ ያዩአታል። ያንን ፎቶ ማዳም በገዛ እጇ ትወለውለዋለች እንጂ ለሌላ ሰው አታስነካም።

«ያውላት። በአባቷ ስም ሙሴ ጋስተን ይባል።»

«ይሄንንማ እኔ አልተረጉምም!»

«ተወው።» ሻሼ በጣቷ ፎቶውን አሳየች፤ ከዚያ ማሽኑን። «ጋስተን» አለች ጮክ ብላ።

የማዳምን ጩኸት ጠበቀች። በሐሳቧ ሻንጣዋን ዘግታ፣ ዋራበሌ ሰፈር ያለች የአክስቷን ልጅ ደጃፍ አንኳኩታ ነበር።

የማዳምን ዓይን እንባ ሞላው። አጨበጨበች። «ፓፓ! ፓፓ!» እያለች የማሽኑን አናት ሳመችው። ከዚያ ዞራ ሻሼን አቀፈቻት፤ ሻሼ በሽቶዋና በአዲሱ ፕላስቲክ ሽታ መሃል ትንፋሿን ይዛ ቆመች።

«አየሽ፣ ያን ያህል ከባድ አልነበረም» አለ ረምዚ እየሳቀ።

ማዳም ወደ መስኮቱ ራቅ ብላ የአባቷን ስም ሦስት ጊዜ ጠራች። ማሽኑ ሪባኑን እያንጠለጠለ ሄደላት። «ጎበዝ ጋስተን!» ብላ እንደ ቡችላ አሻሸችው።

ሻሼ ማድቤት ገብታ አፏን ተጉመጠመጠች። ደግማ ተጉመጠመጠች። ምሬቱ አልለቀቀም።

ሰኔ ሲገባ፣ ጋስተንን ሙቀት እንዳያበላሸው በቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ ማራገቢያ ገጠሙለት።